እጁ እንዳይንቀጠቀጥ

ይስማው ዘመኑ የሚባለውን ሰው የገደለው በፍልጥ ነው። ቀኑ የፋሲካ ማግስት ነበር፤ ቦታው ከንፋስ መውጫ ቁልቁል ባለ መንደር፣ አንዲት አረቄ ቤት ውስጥ። ሁለቱም ከማለዳ ጀምረው ሲጠጡ ውለዋል። አንዱ የሌላውን በሬ አጣጣለ፤ ሌላው የአንዱን አባት አነሳ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ይስማው ዛሬም ድረስ አያውቀውም። የነበሩት ሰዎች ግን አይተዋል፤ ያዩትንም ለፍርድ ቤት ተናግረዋል። ይስማው ከምድጃው ጥግ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አንስቶ ዘመኑን ጆሮ ግንዱን አለው። ዘመኑ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ ይስማው አላቆመም፤ ፍልጡ እስኪሰነጠቅ ደጋገመው። ባለ አረቄ ቤቷ እየጮኸች ከላዩ ልታነሳው ብትጎትተው እሷንም ክንዷን ሰበራት። ጎረቤት ተሯሩጦ ሲደርስ ገዳዩ ከሟቹ ጎን ተጋድሞ ያንኮራፋ ነበር።

ደብረ ታቦር ወስደው ሲያስሩት አረቄው በአንድ ጊዜ ቀረበት። ራሱን ከግድግዳ እያጋጨ ጮኸ፤ አረፋ ደፍቆ ተንፈራገጠ። እስረኞቹ ሰይጣን ያዘው ብለው በቀበቶ ጠፈሩት። ልቡ ሲመለስ አንድ ፖሊስ፣ "ሰው ገድለህ ነው የገባኸው" ቢለው፣

"ማንን?" ብሎ ጠየቀ።

ይቺ ቃል ከእስር ቤት ወጥታ፣ አገር አቋርጣ የዘመኑ እናት ጆሮ ደረሰች። እመት ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ይስማው ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌዎች ለእርቅ ደጃቸው ቢቆሙ፣ "ማንን ነው የገደልኩት ላለ ሰው ምን ብዬ ምሕረት አደርጋለሁ?" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ መስቀል የያዙ ቄስ አስከትለው ደግመው ሄዱ። እመት ወለተ ሥላሴ መስቀሉን ተሳለሙ፤ በሩን ግን ዘጉት።

ስለዚህ ይስማው ወደ መንደሩ አልተመለሰም። ሚስቱ አልጣሽ እስኪፈታ ጠብቃው ነበርና ንፋስ መውጫ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ገቡ። ከከተማው በስተጀርባ ካለው የድንጋይ ካባ ለቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ እየጠረበ ይሸጣል። አረቄ በአፉ አልዞረም።

በከተማው ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሲስተር መሰረት የምትባል የአእምሮ ሕመም ነርስ አለች። መጠጥ ለመተው የሚፈልጉ ሰዎችን መርዳት ስትጀምር፣ መርፌና ክኒን ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ገባት። በዚያ እሳት ውስጥ አልፎ የወጣ ሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ፈለገች። ስለ ይስማው ነገሯት። ሰው መግደሉንም ነገሯት። ካባው ድረስ ሄዳ አነጋገረችው።

"የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በሳምንት ሦስት ጠዋት" አለችው። "ድንጋይህን መተው የለብህም።"

"ምንድን ነው የምሠራው?"

"ሲያማቸው አጠገባቸው ትሆናለህ። ሲሻላቸው ታወራቸዋለህ። ሲጠፉ ትፈልጋቸዋለህ።"

"እኔ ምን አውቅና አወራለሁ ሲስተር?"

"የደረሰብህን።"

መሥሪያ ቤቱ 'አቻ ደጋፊ' ይለዋል። የከተማው ሰው ግን 'የሰካራም ሞግዚት' ብሎ ስም አወጣለት። ሥራው እንደ ስሙ የሚያስቅ አልነበረም። መጠጥ የቀረበት ሰው አራት ጎልማሳ የማይችለው ጉልበት ያወጣል። አንዱ ትከሻውን ነክሶ ሥጋ ይዞ ተነሳ። አንዱ የውሃ ማሰሮ አናቱ ላይ ሰበረበት። ጠፍተው አረቄ ቤት የገቡትን ፍለጋ ሲሄድ ባለ አረቄ ቤቶቹ ገበያችንን ዘጋህ ብለው ውሻ ይለቁበት ነበር። ይስማው ተመቶ አይመታም። ይዞ ይጋደማል እንጂ፤ ሁለት ክንዱን በሰውየው ደረት ዙሪያ ቆልፎ፣ መንፈራገጡ እስኪበርድ ድረስ ጆሮው ላይ፣ "አለሁ፤ ያልፋል፤ አለሁ" ይለዋል። የዳኑ አሉ። ተመልሰው የገቡበትም አሉ። አንዱ እዚያው እቅፉ ውስጥ ሞቷል።

ሐምሌ ውስጥ፣ ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ ከተማውን በዋጠበት አንድ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ባጃጅ ቆመች። ሁለት ጎረምሶች በጠፍር የታሰረ ሰው ጎትተው አወረዱ። ሰውየው ፊቱ በደም ጨቅይቷል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ከኋላቸው ጥቁር ነጠላ ያገለደሙ አሮጊት ወረዱ።

ይስማው መጀመሪያ ያወቀው ነጠላውን ነው። ዘመኑ ከሞተ ጀምሮ እመት ወለተ ሥላሴ ከሐዘን ልብስ አልወጡም ሲባል ሰምቷል። ቀጥሎ የታሰረውን ሰው አወቀው። ክንዱ የሚባለው የዘመኑ ታናሽ ወንድም ነበር።

ሲስተር መሰረት ነገሩን ታውቀዋለችና በሁለቱ መካከል ቆመች።

"እናቴ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"ይጠጣል" አሉ እመት ወለተ ሥላሴ። "ወንድሙን ከቀበረ ጀምሮ ይጠጣል። ሚስቱን ደብድቦ አባረረ። ትናንት የገዛ በሬውን በመጥረቢያ ጀርባውን አለው፤ በሬው ቆሞ መሄድ አቃተው። ጎረቤት ተሰብስቦ ነው ደብድቦ ያሰረው።"

"ደብረ ታቦር ሆስፒታል ብንልከው ይሻል ነበር፤ ግን መንገዱ ሰላም ስላጣ ተዘግቷል። እዚህ ደግሞ..." ሲስተር መሰረት ዞራ ይስማውን አየችው። "የሚረዳኝ እሱ ነው። ሌላ ሰው የለኝም።"

እመት ወለተ ሥላሴ ይስማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩት። ይስማው ሊያመልጣቸው ቢፈልግም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

"እሱ ይያዘው" አሉ። "አንዱን በልቶብኛል። ይሄኛውን ሰው አድርጎ ይመልስልኝ። ሌላ አልጠይቅም፤ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ አድርጉልኝ።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጉሙ ገቡ።

የክንዱ ሕመም በማግስቱ ጀመረ። መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ከዚያ እጁ፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ላቡ ፍራሹን አርሶ ወደ ወለሉ ወረደ። ሲስተር መሰረት መርፌ ወጋችው፤ ጥቂት ተኛና ነቃ። ሲነቃ ግድግዳው ላይ ወንድሙን አየው።

"ዘመኑ!" አለ። "ራስህን ምን አደረጉህ? ዝጋው እንጂ! አንጎልህ እየፈሰሰ ነው፤ ዝጋው!"

ይስማው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከክፍሉ ሮጦ ለመውጣት ተነሳ። ክንዱ ዞሮ አየው። በዚያ ሰዓት ማን እንደሆነ ያወቀው ይሁን ያላወቀው እስከ ዛሬ አይታወቅም። በግንባሩ አፉን መታው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ይስማው ወደ ኋላ ሲወድቅ ክንዱ ላዩ ላይ ወጥቶ በአንሶላው አንገቱን አነቀው፤ ጫፍና ጫፉን ጨብጦ ሳበ። ይስማው ዓይኑ ጨለመ። ጆሮው ውስጥ የራሱ ደም ሲያፏጭ ይሰማዋል። ሲስተር መሰረት ገብታ በክንዱ ጀርባ ላይ ብትንጠለጠልም አልለቀቀም።

ያስለቀቀው አረቄ ማጣቱ ያመጣበት የሚጥል በሽታ ነው። ክንዱ በድንገት እንደ ቀንበር ደረቀ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተወርውሮ ይንፈራገጥ ጀመር። ይስማው ደም እየተፋ ተሳበና በጎኑ አገላብጦ ያዘው። የራሱን ጋቢ ከጭንቅላቱ ስር አነጠፈለት። አፉ በጥርስ ስብርባሪ ተሞልቶ ስለነበር "አለሁ" ማለት አልቻለም፤ ዝም ብሎ ያዘው።

ክንዱ ልቡ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የይስማውን ያበጠ አፍ ነበር።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ውጣልኝ።"

ይስማው ወጣ። ከበሩ ውጪ ተቀመጠ። ክንዱ ሾርባ ሲያቀርቡለት መጀመሪያ ወለሉ ላይ ደፋው፤ በኋላ ጠጣው።

ከጤና ጣቢያው ከወጣ በኋላም ሰኞ ሰኞ ጠዋት መምጣቱን አልተወም። ሲስተር መሰረት በዚያ ሰዓት መጠጥ የተዉትን ሰብስባ ታወያያለች፤ መምህርም አለ፣ ሹፌርም አለ፣ ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ደብተራም አለ። ሁሉም የደረሰበትን ይናገራል። ክንዱ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ በር አጠገብ ይቀመጣል። አይናገርም። ይስማው ሲናገር ብቻ ቀና ብሎ ያየዋል። ፊቱ ሥጋ አወጣ። ልብሱን ያጥባል። አዲስ በሬ ከዘመድ ተውሶ እርሻውን እንደጨረሰ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ ሰኞ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ክንዱ ቆመ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

ይስማው ያለው መልስ አንድ ብቻ ነበር። "አላስታውስም" አለ።

"አንድም ቃል?"

"አንድም ቃል። ፊቱንም አላስታውስም።"

ክንዱ በቡጢ መታው። ደግሞ መታው። ይስማው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ እንጂ እጁን አላነሳም። ሲስተር መሰረት ከቢሮዋ እየሮጠች ስትወጣ ክንዱ ክፍሉ መካከል ቆሞ የገዛ ጡጫውን ያየዋል።

"አየሽ ሲስተር" አላት፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። "አይንቀጠቀጥም።"

ይስማው ከክንዱ ጋር መንገድ ድረስ ወጣ። ንፋሱ የከተማውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ክንዱ ሳይዞር ተናገረ።

"እኔ ስጠጣ ነበር የማልገድልህ። ገባህ? መጥረቢያዬን ከጋቢዬ ስር ይዤ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ መሰለህ! ለወኔ ብዬ አንድ መለኪያ አረቄ እላለሁ። አንዱ ሌላውን ይጠራል። ስነቃ ቦይ ውስጥ ነኝ። አረቄ ነው ያቆየህ።"

ይስማው አንድ እርምጃ ተጠጋው።

"እናቴ እዚህ ለምን ያመጣችኝ ይመስልሃል?"

"አውቃለሁ" አለ ይስማው።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"የመጣህ ዕለት። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ሲሉ።"

ክንዱ አሁን ዞረ። "ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ይዘኸኝ ከረምክ?"

ክንዱ ጥቂት ጠብቆት ቁልቁል ሄደ።

ይስማው የሰማውን ለአልጣሽ ሲነግራት አተር እየለቀመች ነበር። ወንፊቱን ወደ ጎን አደረገች።

"ወንድሜ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት አለው" አለች። "ነገ በመጀመሪያው መኪና እንውጣ። እስቴ ድረስ ተከትሎ አይመጣም።"

"ከሄድኩ ወደ አረቄው ይመለሳል።"

"ይመለስ! ይጠጣ! ምን አገባህ? አንተን ከሚገድል አረቄ ይግደለው!"

"አልጣሽ..."

"ስማ! ያኔ እስር ቤት ገባህ፤ ጠበቅሁህ። ጥርስህ ረገፈ፤ ዝም አልኩ። መቃብርህ ላይ እንድቀመጥ ግን አታደርገኝም። አንተ እኮ እንዲገድልህ ትፈልጋለህ። ትገላገልበታለህ። እኔስ በምን ልገላገል?"

ይስማው ይህን ከማንም ሰምቶት አያውቅም ነበር። ማታውን ሙሉ አሰበበት። በማግስቱ አልጣሽን ብቻዋን ለመካነ ኢየሱስ መኪና አሳፈራት። እሷም መስኮቱን ዘጋች፤ እጇን አላወዛወዘችለትም።

ኅዳር መጣ። ገብስ ታጨደ። ክንዱ ለጥቂት ሳምንት ሳይመጣ ቀረ፤ ይስማው ግን ሊፈልገው አልሄደም። ከሥራው የጣለው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ፈርቶ ነበር። አልጣሽ እንዳለችው መገላገልን ይፈልግ እንደሆነ ራሱን ሲጠይቅ፣ ፍርሃቱ አይደለም ይለዋል።

በአንድ እኩለ ቀን ሌሎቹ ጠራቢዎች ለቀብር ወርደው ይስማው ካባው ውስጥ ብቻውን ነበር። መዶሻውን ሲያሳርፍ የእግር ኮቴ ሰማ። ክንዱ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ፣ መጥረቢያውን በግልጽ በቀኝ እጁ ይዞ፣ በጠጠሩ ቁልቁለት ወረደ። አልጠጣም። ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው።

"ቁም" አለው።

ይስማው ቆመ። ይህ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ብዙ ጊዜ አስቦ ነበር፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሊቀበለው። ነገር ግን መጥረቢያው ሲነሳ ገላው ያሰበውን ሁሉ ረሳ። ግራ እጁን አነሳ። ስለቱ ከክርኑ ዝቅ ብሎ ገባ፤ አጥንቱ እንደ እርጥብ እንጨት ጮኸ። ይስማው እየጮኸ መዶሻውን ሰነዘረ፤ የክንዱን ጎን አገኘው፤ የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። ክንዱ ጎንበስ አለና እንደገና ቀና ብሎ መታ። ይሄኛው ትከሻውን ሰነጠቀው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ይስማው በድንጋዩ ፍርስራሽ ላይ በጀርባው ተዘረጋ፤ የግራ እጁ በቆዳና በጅማት ብቻ ተንጠልጥሎ ከጎኑ ቀረ።

ክንዱ ሁለት እግሩን ከፍቶ ላዩ ላይ ቆመ። መጥረቢያውን በሁለት እጁ አነሳ።

"አትግደለኝ!" ብሎ ጮኸ ይስማው። "ክንዱ ወንድሜ! በእመቤታችን አትግደለኝ! በእናትህ አትግደለኝ!"

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ።

"እንዲህ ነበር ያለው?" አለ ክንዱ። "ዘመኑ እንዲህ ነበር ያለህ?"

"አላውቅም! አላውቅም!"

"እንዲህ እየለመነህ ነው የጨረስከው?"

"በእግዜር እምልልሃለሁ፣ አላውቅም!"

ክንዱ አየው። የተከፈተውን አጥንት አየ፤ በደሙ ላይ የተለጠፈውን የድንጋይ ዱቄት አየ። ይስማው ሱሪው ላይ ሸንቶ ነበር፤ እሱንም አየ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥርስ የጎደለው አፉ ውስጥ ምላሱ ሲንቀሳቀስ አየ።

"አንተ አታውቅም" አለ። "ጠጥተህ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም እያየሁት ነው። ሁሉንም!"

መጥረቢያውን ወረወረው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከና አስመለሰው፤ በተሰበረው ጎኑ ምክንያት እያቃሰተ፣ የሆዱን ሁሉ አወጣ። ከዚያ በአራት እግሩ እየዳኸ ተመለሰ። ቀበቶውን ፈትቶ የይስማውን ክንድ ከክርኑ በላይ ጠፈረ፤ በጉልበቱ ተጭኖ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። ይስማው ጮኸ።

"ጩህ" አለው ክንዱ። "አትተኛ። ብትተኛ ትሞታለህ። ጩህ!"

በጋቢው ጠቅልሎ በጀርባው አዘለው። በጠጠሩ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ከላይ፣ መንገዱ ዳር፣ እመት ወለተ ሥላሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ልጃቸው ብቻውን እንደሚወጣ ነበር የጠበቁት። ሸክሙን ሲያዩ ተነሱ።

"ምን ተሸክመህ ነው?"

"አልሞተም" አለ ክንዱ።

"ለምን አልሞተም?"

ክንዱ አልመለሰም፤ አልፏቸው ሊሄድ ሞከረ። እመት ወለተ ሥላሴ የጡጫ ያህል ድንጋይ አንስተው ፊቱን መቱት። ግንባሩ ተተረተረ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ይስማውን ላለመጣል ሁለቱንም እጁን ወደ ኋላ እንዳቆላለፈ ቆየ፤ ስለዚህ ፊቱን የሚከላከልበት እጅ አልነበረውም። ደግመው መቱት።

"የጠባኸው ጡቴ ይፍረድብህ! የወንድምህ አጥንት ይፍረድብህ! ገዳዩን አዘልክ? እንደ ልጅ አዘልከው?"

"እማ፣ ተዪኝ ልለፍ።"

"የት ነው የምታልፈው? ማን አለኝ ብለህ ነው የምታልፈው?"

ድንጋዩ ከእጃቸው እስኪወድቅ መቱት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ጥቁሩን ነጠላ ከራሳቸው ላይ ቀደው፣ ዘመኑ በሞተ ዕለት ያለቀሱትን ልቅሶ እንደገና አለቀሱ። ክንዱ እየተንገዳገደ ወረደ። መጀመሪያ ያገኛት ባጃጅ ደሙን አይታ አምልጣ ሄደች፤ ሁለተኛዋ ቆመች።

ሲስተር መሰረት በሩ ላይ ስታያቸው ከሁለቱ የተመታው ማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ይስማውን በአልጋ ሲያስገቡት ክንዱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ፣ "እኔ ነኝ የመታሁት፤ ፖሊስ ጥሩልኝ" አላት። እስኪመጡ ድረስ ግንባሩን ሰፋችለት።

ይስማው ተረፈ፤ ግራ እጁን ግን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ከክርኑ ቆረጡት። አልጣሽ ከመካነ ኢየሱስ መጥታ አስታመመችው። ለብዙ ቀን አላናገረችውም። ቁስሉን ስታጥብ ግን እጇ ለስላሳ ነበር። አንድ ቀን፣ "እንዳትሞት ለምነሃል አሉ" አለችው።

"ለምኛለሁ።"

"ደግ አደረግህ" አለችና አለቀሰች።

ክንዱ ክሱን አልካደም። ይስማው ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ዳኛዋ ምን እንዲፈረድበት ትፈልጋለህ ብለው ቢጠይቁት፣ "እሱ ነው ያዳነኝ" አለ፤ "የመታኝም እሱ ነው" ሲል ጨመረ። ፍርዱ ቀለል ቢልም አልቀረለትም። ሽማግሌዎች ደም ለደም ተያይቷል፣ ከእንግዲህ ይብቃ ብለው ሁለቱን ዘመድ ሊያስታርቁ እንደገና ተነሱ። የይስማው ዘመዶች እሺ አሉ። እመት ወለተ ሥላሴ ግን በራቸውን አልከፈቱም።

በአንድ እጅ ድንጋይ አይጠረብም። ለይስማው የቀረው የጤና ጣቢያው ሥራ ብቻ ሆነ። አልጣሽ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ መቸርቸር ጀመረች። የሚንፈራገጥ ሰው እንደ ቀድሞው ቆልፎ መያዝ ስለማይችል፣ ደረቱ ላይ ተኝቶ በክብደቱ ይጫነዋል። አሁንም ይነክሱታል።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ደብረ ታቦር ሄዶ ክንዱን ይጠይቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ክንዱ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ፣

"ይቅር አላልኩህም" አለው።

"አውቃለሁ።"

"ስለ እጅህም ይቅርታ አልጠይቅህም።"

"አልጠየቅሁህም።"

ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ብቻ ያወሩ ነበር። አንድ ቀን ግን ክንዱ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

"እዚህም አረቄ ይገባል" አለ በዝግታ። "በውሃ ላስቲክ ያስገቡታል። ትናንት አጠገቤ ይዘውት መጡ። ሽታው ይኸው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው።"

"ጠጣህ?"

"አልጠጣሁም። ግን ዓይኔን ስጨፍን ያንተን አጥንት አያለሁ። ብጠጣ የሚጠፋልኝ ይመስለኛል።"

"ይጠፋልሃል" አለ ይስማው። "የኔ ጠፍቶልኛል። የወንድምህን ፊት ስፈልገው ላገኘው አልቻልኩም። እሱ ይብሳል።"

ክንዱ በሁለት እጁ አጥሩን ያዘ። "የሚያስገባው ሰው ዛሬም ይዞት ይመጣል" አለ።

"ሲመጣ ተነስተህ ከሰው መሐል ተቀመጥ። የጸሎት ቡድን የላችሁም? እነሱ ጋ ሂድ። አትጸልይ ከፈለግህ፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ።"

"መቼ ትመለሳለህ?"

"መንገድ ከተከፈተ በሚመጣው ሳምንት።"

ጠባቂው ሰዓት አልቋል ብሎ ጠራ።

ይስማው መናኸሪያ ሲደርስ የንፋስ መውጫው መኪና ሊነሳ ነበር። ገብቶ መቀመጫ ፈለገ። ከኋላ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ከጎኑ መስኮቱን ይዘው የተቀመጡት እመት ወለተ ሥላሴ ነበሩ፤ ለልጃቸው ስንቅ አቀብለው መመለሳቸው ነው። ባዶው አገልግል ጭናቸው ላይ ነበር። ይስማውን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከዚያ ባዶ የተንጠለጠለውን የኮቱን እጅጌ አዩት። አገልግሉን አንስተው ባዶው መቀመጫ ላይ አኖሩት።

ይስማው እጅ ነሳ። በቀረችው እጁ የጣሪያውን ብረት ጨብጦ እስከ ንፋስ መውጫ ቆሞ ሄደ።